እናቴ ለንግሥቲቱ ያለቀሰችበት ቀን

ሐዳማ ላይ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው ድረስ ከእኔ የበለጠ ጉልበተኛ፣ ከእኔ የበለጠ ተጫዋች፣ ከእኔ የበለጠ የተማረ ጎረምሳ አልነበረም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ። ሌሎቹ ጫኞች አንድ ጆንያ ጨው ለሁለት ይዘው ሲያቃስቱ እኔ ብቻዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በዚያ ላይ እየዘፈንኩ፣ ፉርጎው ድረስ እሄድ ነበር። ትምህርቱንም ቢሆን እስከ ዳዊት ደርሻለሁ። ዳዊቱን አልጨረስኩትም፤ መምሬ በአለንጋ እኔኑ ሊጨርሱኝ ሲሆን ጊዜ አጥር ዘልዬ ወጣሁ። ግን የተጻፈ ነገር ከመጣ ጣቴን እያስኬድኩ፣ ከንፈሬን እያነቃነቅኩ አነበዋለሁ። በሰፈራችን ደብዳቤ የሚያነብ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ያልገባኝን ቃል ከራሴ ጨምሬ እሞላዋለሁ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም የእኔ ይሻላል ይሉ ነበር።

የአገሩን ትልልቅ ሰዎችም በሙሉ አውቃቸዋለሁ። በባቡር መስኮት ነው የማውቃቸው። አንዱን በጢሙ፣ አንዱን በባርኔጣው፣ አንዱን ደግሞ እንቅልፍ ወስዶት መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ጉንጩ። ባቡሩ ሐዳማ ሲደርስ ውሃ ይቀዳል፤ እኛ ለመሪዎቻችን ያለንን ፍቅር የምንገልጸው ባቡሩ ውሃ ጠጥቶ እስኪጨርስ ነው። ገዥያችን ቀድመው ያሰልፉናል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ወንዶቹ መሬት ይስማሉ፣ ባቡሩ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ጭሱ ዓይናችን ውስጥ ይገባል፣ በቃ። አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ እልል ያልንለት ፉርጎ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ሳሙና የጫነ ሆኖ ተገኘ። ለሳሙናው ያሳየነውን ክብር ሳሙናው አልረሳውም፤ ግማሹ ማታውን በየቤታችን ገባ።

ገዥያችን ግራዝማች ነበሩ። ወታደር ናቸው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው። ጭናቸው ውስጥ ያልወጣ ጥይት ስላለ ሲራመዱ በስተቀኝ ያጋድላሉ። ያኔ አገሩ በሙሉ የወታደር ነበር። ወታደሩ ይተኛል፣ ገበሬው ያርስለታል፣ የገበሬው ሚስት ትፈጭለታለች፤ ይህ አስተዳደር ይባላል። በኋላ ከአዲስ አበባ ወሬ መጣ። የወታደር ዘመን አልፏል፤ ከእንግዲህ አገር የሚገዛው በወረቀት ነው ተባለ። ለግራዝማችም ማኅተም ተላከላቸው። ማኅተሙን እንደ ጎራዴ ነበር የሚጨብጡት፤ ወረቀት ላይ ሲያሳርፉት ቤቱ ይንቀጠቀጣል። እኛ ሥልጣኔ መግባቱን ያወቅነው በግርፋቱ ነው። ድሮ ሲገርፉን ዝም ብለው ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ማኅተም ይመታል፣ ከዚያ እኛ እንመታለን።

አባቴም ከሰሜን መጥቶ እዚህ የቀረ ወታደር ነበር። ግራዝማች የሚያዙበት፣ ከጣቢያው ጀርባ ያለ ቁራሽ ቦታ ተሰጥቶት ቤት ሠራበት፤ ከዚያ በኅዳር በሽታ ሞተ። እናቴ በዚያ ቤት ጠላ እየሸጠች እኔንና ታላቅ ወንድሜን አሳደገችን። ወንድሜ እንደኔ ተጫዋች አልነበረም። ዝምተኛ ነው፤ በጉልበትም እኔ እበልጠዋለሁ፤ በመልክ ግን እሱ ይሻል ነበር፣ ይህን እንኳ ልመንለት። ጎረምሳ ሲሆን ያባቴን አገር ልይ ብሎ ወደ ሰሜን ሄደና እዚያ ለሚገዙት ራስ ወታደርነት ገባ። እኚህ ራስ የንግሥቲቱ ባል የነበሩት ናቸው። ንግሥቲቱ ዙፋን ላይ ሲወጡ ባልዎን ይተዉ ተብለው ነው የተለያዩት ይባላል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ራሷን ትነቀንቅ ነበር። «እኔ ጠላ ሻጯ እንኳ ባሌን የነጠቀኝ በሽታ ነው፤ ሰው ቢሆን ጥርሱን ነበር የማወልቀው» ትላለች።

ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የደረሰን። ደህና መሆኑንና ጠመንጃ መቀበሉን ይላል፤ እናቴ ደስ እንዲላት ፈረስም ተሰጠኝ የሚል ከራሴ ጨመርኩበት። ብዙም ሳይቆይ እኚሁ ራስ ሸፈቱ ተባለ። ጦር ሊዘምትባቸው ነው ተባለ። የሸፈተ ሰው ዘመድ ቤቱም ቦታውም ይወረሳል፤ ይኼኛው በወረቀት ዘመንም አልተለወጠም። እናቴ ያን ዕለት በሩን ዘጋችና ጆሮዬን ያዘች።

«ወንድምህ የት ነው ቢሉህ፣ ጅቡቲ ነው በል።»

«ጅቡቲ ምን ይሠራል ቢሉኝስ?»

«ሰው ጅቡቲ ምን እንደሚሠራ ማን ይጠይቃል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አልጠየቀም። ግን እናቴ ባቡር በመጣ ቁጥር የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ወደ በሩ ትወጣለች። አንድ ቀን እኔ የተባልኩ ቀልደኛ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተወራርጄ፣ ከጣቢያው እየሮጥኩ መጥቼ «እማዬ! መጣ! ወንድሜ በባቡር መጣ!» አልኳት። ነጠላዋን ሳታነሣ ነው የሮጠችው። ሦስቱንም ፉርጎ በመስኮት በመስኮት አየችና ተመለሰች። ጓደኞቼ ለሦስት ቀን ሳቁ። ከዚያ በኋላ ይህን ቀልዴን ማንም ሰው ፊት አላወራሁትም፤ እኔ ደግሞ የማላወራው ቀልድ የለኝም።

በመጋቢት፣ ሁዳዴ ውስጥ፣ የጣቢያው ስልከኛ በባዶ እግሩ እየሮጠ ወደ ግራዝማች ሲሄድ አየነው። ነጋሪት ተመታ። የሰሜኑ ራስ ተዋግተው ሞቱ፤ ሠራዊታቸው ተበተነ፤ ደስ ይበላችሁ ተባልን። ግራዝማች በሬ ጥለው ሊያበሉን ፈልገው ነበር፤ ጾም ሆነባቸው። ስለዚህ የድሉን ግብር በተልባና በሽሮ አከበርነው። በተልባ የተከበረ ድል እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እኛ ቤት ጠጪው ሞልቶ የሚያወራው የራሱን ጦር ስለበተነው አውሮፕላን ብቻ ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አለ አንዱ ጫኝ።

«የብረት አሞራ ነው» አለ ስልከኛው፣ ያየው ይመስል።

«እንቁላል ይጥላል?»

«ይጥላል እንጂ! የጣለው እንቁላል ነው ሰሜንን የፈጀው።»

«እንዲህ ከሆነማ ዶሮው መቼም ደህና ዶሮ አይደለም!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅኩ። እናቴ መቅዳቷን አላቋረጠችም። ውጭ ሴቶቹ እልል ሲሉ የግራዝማች አሽከር በየበሩ እየዞረ እልል የማትለዋን ያይ ነበር። እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወጣችና እልል አለች። እንደሷ ረጅም እልልታ ያን ቀን አልተሰማም። አሽከሩ ራሱን እየነቀነቀ አመሰገናትና አለፈ። እሷ ገብታ ማንቆርቆሪያውን አነሣችና በሞላ ዋንጫ ላይ ደግማ ቀዳች።

ከድሉ ሦስተኛ ቀን እንኳ ሳይሞላ ስልከኛው እንደገና ሮጠ። አሁን ንግሥቲቱ አርፈዋል። በዚያው ወሬ ላይ አዲስ ንጉሠ ነገሥት ተነሥተዋል። ያረፉትን አልቅሱ፤ ለተነሡት እልል በሉ። ግራዝማች ሁለቱን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው አደባባይ ቆመው እንደነበር እኔ ራሴ አይቻለሁ።

«የትኛው ነው የሚቀድም?» አሉት ስልከኛውን።

«ጌታዬ፣ በአንድ ቀን ነው የመጡት።»

«እኔ ከፊትም ከኋላም ተከብቤ ተዋግቻለሁ። እንዲህ ያለ መከበብ ግን አልገጠመኝም።»

አሰቡ፣ አሰቡና በወታደር ደንብ ፈረዱ። እስከ ቀትር ለቅሶ፣ ከቀትር በኋላ እልልታ። እኛም ታዘዝን። ችግሩ ቀትር መሆኑን የሚነግር ሰዓት ያለው ሰው የጣቢያው ሹም የነበረው ፈረንጅ ብቻ መሆኑ ነው። ግማሹ ሰፈር እልል ሲል ግማሹ ደረቱን ይደቃል። አንዲት አሮጊት አንድ ጊዜ ዋይ አንድ ጊዜ እልል ሲሉ ቆይተው ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና «የጨረሳችሁ ጊዜ ጥሩኝ» አሉ።

ይህ ነገር አዲስ አበባ ቢሰማ ግራዝማችን ያስጠይቃቸዋል። ሐዳማ ንግሥቲቱን ግማሽ ቀን ብቻ አለቀሰች ቢባልስ? ስለዚህ አርባቸው ሲደርስ በወጉ፣ ዳስ ተጥሎ፣ አልቃሽ ከሞጆ መጥታ፣ ሙሉ ለቅሶ እንዲለቀስ አዘዙ። ከየቤቱ ሁሉም ይወጣል። የማያለቅስ ይጻፋል። የተጻፈ ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቃላችሁ።

አርባው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከምንጃር ጤፍ ጭነው የሚመጡ አህያ ነጂዎች ጣቢያው ደረሱ። ከነሱ ጋር አንድ ሰው አለ፤ ልብሱ የነጂ ነው፤ አህያ አነዳዱ ግን የነጂ አይደለም። ጆንያ ስሸከም ከጎኔ መጣና «የጠላ ሻጯ ልጅ አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰደኝ።

«ከወንድምህ ጋር አንድ ድንኳን ነበርን» አለ።

«ነበርን» ማለቱ ነገሩን ጨረሰው፤ እኔ ወዲያው የጠየቅኩት ስለ አውሮፕላኑ ነው። ወንድሜን የብረት አሞራ ከገደለው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ፊት ባይወራም ለራሴ እኮራበታለሁ።

«አይደለም» አለ ሰውየው። «አውሮፕላኑ ሲያልፍ ደህና ነበር። በማግሥቱ ስንሸሽ ውሃ ጠማን። ቅሉን ይዞ ወንዝ ወረደ። እዚያው ተመታ።»

«ተኩሶ ነበር?»

«በአንድ እጁ ቅል፣ በአንድ እጁ ክዳኑን ይዞ በምን ይተኩስ?»

እንግዲህ ይኼውላችሁ የእኛ ቤት ጀግና። ሰውየው ወንዙ ዳር እንደቀበረው ነገረኝ። ምንም ዕቃ አላመጣም፤ ሁሉንም ተገፈዋል። እናቴ ጋ እንሂድ ብዬ ብለምነው እምቢ አለ፤ ከፊቷ መቆም አልችልም አለ። በማግሥቱ በባቡር ወረደ። ወዴት ብትሉ፣ ወደ ጅቡቲ።

ጆንያዬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መርዶ በወጉ ቢሆን ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እናት ትነገራለች፤ ሰፈሩ አብሯት ይጮኻል። እኛ ግን የት ሞተ ብንባል ምን እንላለን? ጅቡቲ? የሰማ ሁሉ መቼ፣ በምን ይላል፤ አንዱ ለግራዝማች ሹክ ይላል፤ ቤቱ ይሄዳል። ባትነገር ደግሞ እድሜዋን ሙሉ ባቡር በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ትቆማለች። እዚህ ላይ ነው የእኔ ጭንቅላት የሠራው። ከተማው በሙሉ በትእዛዝ የሚያለቅስበት ቀን እየመጣ ነው! በአርባው ጠዋት ልንገራት፤ ትውጣ፤ እንደልቧ ትጩህ፤ ማን ያውቅባታል? እንዲያውም ትመሰገናለች። መንግሥት ዳስ ጥሎ፣ አልቃሽ ከሞጆ አስመጥቶ የወንድሜን ለቅሶ ይደግስልናል። በራሴ ብልሃት ተደነቅኩ። ሦስት ቀን በሆዴ ይዤው ዞርኩ፤ ጆንያም አልከበደኝም፤ እንጀራ ግን አልወርድ አለኝ።

የአርባው ጠዋት እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ነበር። እኔ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እማዬ፣ ዛሬ የምታለቅሺው በነጻ አይደለም» አልኳት፣ እየሳቅኩ።

አሁንም ድረስ ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም። ሌላ ፊት ስለሌለኝ ይሆናል።

«ምን ትላለህ?»

«ወንድሜ ሞቷል።»

በጥፊ አጮለችኝ። ጆንያ የማይጥለኝን ሰውዬ ግድግዳ አስደገፈችኝ።

«ያን ጊዜ መጣ አልከኝ፤ ሮጥኩልህ። አሁን ደግሞ ሞተ? ጓደኞችህ ከበር ላይ ቆመዋል? ውጣና ከነሱ ጋር ሳቅ!»

«እማዬ፣ ሰው መጥቶ ነበር፣ አብሮት የነበረ…»

«የታለ?»

«ጅቡቲ ሄደ።»

ይህን ስላት እኔው ራሴ አላመንኩም። እንኳን እሷ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጥላኝ ወጣች። እኔም ተከተልኳት፤ የነደፍኩት ሁሉ በአንድ ጥፊ ፈረሰ።

ዳሱ ከገበያው አጠገብ ሜዳው ላይ ነበር። የንግሥቲቱ ምስል ስላልነበረ የግራዝማችን በቅሎ ጥቁር ጨርቅ አልብሰው፣ ላይዋ ባዶ ኮርቻ፣ ከጎኗ የተዘጋ ጥላ አቁመው፣ ይኼው ንግሥቲቱ ናቸው ተባልን። በቅሎዋ ሣር ባየች ቁጥር ንግሥቲቱ ወደ ሣሩ ይሄዳሉ። ሰዉ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ግማሹ ሽንኩርት በነጠላው ቋጥሯል፤ ስልከኛው ምራቁን ዓይኑ ሥር ይቀባል፤ እኔ ራሴ በእጅጌዬ ጫፍ ሚጥሚጣ ነስንሼ ነበር፣ እንዳልጻፍ። አልቃሿ መሐል ቆማ ጀመረች፦

«አልጋው ባዶ ቀረ፣ ጥላው ተከደነ፣
የአርባ ቀን መንገድ እንዴት ቶሎ ሆነ።»

ሰዉ ዋይ ዋይ አለ። የግራዝማች ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ከፊት ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ማን አለቀሰ ማን አላለቀሰ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ከቅቤ ሻጯ ጎረቤታችን ጎን ቆማለች። ቅቤ ሻጯ ኦሮሞ ናት፤ አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ለቅሶዋ ግን ለአገር ይበቃል። እናቴ ጠብታ እንባ የላትም። ፊቷ እንደ ድንጋይ ነው፤ የተናደደችው በእኔ ነው። ጸሐፊው ሁለተኛ ጊዜ አጠገቧ ሲቆም አየሁ። ብዕሩን ምራቅ አስነካ።

እኔም ሚጥሚጣዬን ወደ ዓይኔ ላደርስ እጄን አነሣሁ። አልቃሿ ያን ጊዜ የንግሥቲቱን ደግነት ስትዘረዝር ነበር፤ ለተራበ ያበሉ፣ ለተጠማ ያጠጡ አለች። ለተጠማ ያጠጡ። ቅሉ መጣብኝ። ያ ሰውዬ ክዳኑን በአንድ እጁ ይዞ ነበር ያለኝ ነገር። ወንድሜ ልጆች ሆነን እንኳ ውሃ ሲቀዳ ክዳኑን መሬት አያስቀምጥም ነበር፤ አቧራ ይገባበታል እያለ። ሰው ሊገድለው ሲመጣ ክዳኑን አቧራ እንዳይነካው ይዞ ነው የሞተው።

ሚጥሚጣው ዓይኔ ጋ አልደረሰም። እምልላችኋለሁ፣ ቅንጣቱም አልደረሰም። አፌ ተከፈተና ከውስጤ የበሬ ድምፅ ወጣ። እኔ ሰው ሲያለቅስ የማስቅ ሰው ነኝ፤ ያባቴ ለቅሶ ላይ እንኳ ትንሽ ሆኜ ሰው አስቄያለሁ ይላሉ። ጫኞቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸመው። ንፍጤ እስከ ደረቴ ወረደ፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀና ስል እናቴ ዞራ እያየችኝ ነው። ሴቶቹን ሁሉ አልፋ እኔን ብቻ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ገባት።

«ልጄ!» አለች።

በቅሎዋ እንኳ ከሣሩ ቀና አለች። «ልጄ! ልጄን! አንጀቴን!» ነጠላዋን ጥላ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ወደ መሐል ገባች። ለቅሶው ቀጥ አለ። ንግሥቲቱ የእናቴ እናት ቢሆኑ ነው የሚያምርባቸው፤ ማን ነው ልጄ የሚላቸው? ጸሐፊው ግራዝማችን አየ። ግራዝማች በትራቸውን ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ። እኔ መሬት እንደተቀመጥኩ ቤታችን ሲሄድ፣ ከነማንቆርቆሪያው ሲሄድ ታየኝ።

ያቺ ከሞጆ የመጣች አልቃሽ፣ ስሟን እንኳ አላውቅ፣ እናቴን አንድ ጊዜ አየቻትና ድምጿን ከፍ አደረገች፦

«እናትም ልጅ ናት አፈር ሲያለብሷት፣
ልጄ በሏት ዛሬ፣ እቀፉና አልቅሷት።»

እንግዲህ ግጥም ከሆነ ምን ይባላል? ቅቤ ሻጯ መጀመሪያ እናቴን አቀፈች። በኦሮምኛ የምትጮኸው ስለ ንግሥቲቱ አልነበረም፤ ባሏ ለዘመቻ ስንቅ ተሸከም ተብሎ ሄዶ አልተመለሰም። ቀጥሎ አንዷ ወንድሜ አለች። አንዱ አባቴ አለ። ያን ቀን ንግሥቲቱ ሐዳማ ላይ ልጅም፣ ባልም፣ አባትም፣ መንታ ሕፃናትም ሆነው ተለቀሱ። አንድ ሰውዬ ላሙን ነው ያለቀሰው ይባላል፤ እሱን አላረጋግጥም። ጸሐፊው የሚጽፈው ሰው አጣ። ግራዝማች ቆመው፣ በስተቀኝ አጋድለው፣ እስኪያበቃ ድረስ እናቴን ብቻ ያዩ ነበር።

በማግሥቱ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ሳለ ቅቤ ሻጯ ገባች። ንፍሮ በሳህን ይዛለች።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለቻት። «እዝን ነው። የንግሥቲቱ።»

እዝን ለቅሶ ለደረሰበት ቤት ነው የሚመጣው። ከሷ ኋላ የጫኞቹ ሚስቶች ዳቦ ይዘው መጡ፤ የንግሥቲቱ ነው። ስልከኛው መጣ፤ ባርኔጣውን አወለቀና ጥግ ያዘ። የንግሥቲቱ። ለካ ስለ ጅቡቲ ያልጠየቀን ሰው ሁሉ ያልጠየቀው ሞኝ ሆኖ አይደለም። እኔ ነኝ በሰፈሩ ብልጥ ነኝ ስል የኖርኩት። ሁለት ቀን እንዲህ ቤታችን ሰው እየሞላ ተቀመጥን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውጭ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ በሩ ጨለመ። ግራዝማች ናቸው። ጠመንጃ ያዣቸውን ውጭ አቁመው ጎንበስ ብለው ገቡ። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። እናቴ ልትነሣ ስትል በእጃቸው ተቀመጪ አሏት፤ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮውን አዩት።

«ይህ የማን እዝን ነው?» አሉ።

ቅቤ ሻጯ «የንግሥቲቱ ነው ጌታዬ» አለች።

ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እናቴ ዞሩ።

«ንግሥቲቱ የት ነው ያረፉት?»

በአገሩ ይህን የማያውቅ የለም፤ ግቢያቸው ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ነው። እናቴን በዓይኔ ለመንኳት። አላየችኝም።

«ወንዝ ዳር፣ ጌታዬ» አለች። «ውሃ ሊቀዱ ወርደው።»

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሃያ አራት።»

የግራዝማች ዝናር ላይ ያሉትን ጥይቶች ከአንዱ ጫፍ እስከ አንዱ ጫፍ ቆጥሬ ጨረስኩ፣ ከዚያም እንደገና ጀመርኩ። እሳቸው የታመመ ጭናቸውን በመዳፋቸው ሲያሹ ቆዩ።

«ውሃ ዳር ነው ብዙው ሰው የሚያልቅ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ሁሉም ይጠማል። የዚያኛውም የዚህኛውም።»

እጃቸውን ሰድደው ንፍሮ ዘገኑ። ቀስ ብለው አኝከው ጨረሱ።

«ቤቱ የባልሽ ነው?»

«የሟች ባሌ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው ያንቺ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ እኔ ብያለሁ በይ።» ተነሡ። «እመት፣ እግዜር ያጥናሽ።»

ጎንበስ ብለው ወጡ። የበቅሎዋ ኮቴ ርቆ እስኪጠፋ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ስልከኛው ሳል ያዘው፤ ሴቶቹ ዳቦውን መቁረስ ጀመሩ። እኔ የሆነ ቀልድ ልል ፈልጌ አጠገቧ ሄድኩ። እናቴ ግን በጣቷ የሆነ ነገር እየቆጠረች ነበር። ቆጠረች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች።

«ሃያ አራት አልኩ እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«አይሞላውም እኮ። ለመስቀል ነበር የሚሞላው።» ክፉኛ ደነገጠች። «ጌታዬን ዋሸኋቸው።»